ከሙገር የመጣው ጣት

ልጅ እያለሁ አባቴ ቤት መግባቱን የማውቀው በጠረኑ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የግቢያችንን የቆርቆሮ በር ገፋ ሳደርግ የናፍጣና የግሪስ ጠረን ከተቀበለኝ መጥቷል ማለት ነው። አባቴ በመንገድ ሥራ ላይ የዶዘር ኦፕሬተር ነበር። ዓመቱን ሙሉ በየቆላው ካምፕ ውስጥ እያደረ ተራራ ሲቆርጥ ይከርምና ለጥቂት ቀናት ብቻ ወደ እኛ ወደ ሐዋሳ ብቅ ይላል። አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር በነበረችው ሁለት ክፍል ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያወልቅ እናቴ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ታቀርባለች፣ እኔ እግሩን አጥባለሁ። ከተረከዙ ንቃቃት የሚወጣው አፈር እንደ ሄደበት አገር ይለያይ ነበር፤ አንዳንዴ ቀይ ነው፣ አንዳንዴ አመድ የመሰለ። አፈሩን አይቼ የት እንደ ከረመ ለመገመት እሞክራለሁ። እሱም እንቅልፍ ካልጣለው አገሩን ይነግረኛል። ብዙውን ጊዜ ግን እግሩ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ያንቀላፋ ነበር።

የእኔ ዘመን የሐዋሳ ልጆች ያን ጊዜ ታስታውሱታላችሁ። የከተማው መጓጓዣ የፈረስ ጋሪ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ብስክሌት ተከራይተን እስከ ሐይቁ እንጋልባለን። ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉትን አንጀት ሊለቅሙ እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው የሚንጎራደዱትን፣ አባ ኮዳ የምንላቸውን ትልልቅ ወፎች እየተከተልን እናባርራለን። የጭቃና የዓሣ ሽታ ልብሳችን ላይ ስለሚቀር እናቶቻችን የት እንደዋልን ሳይጠይቁ ያውቁ ነበር። ሰፈራችን አሸዋማ ስለሆነ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት መስመሩ ቶሎ ቶሎ ይጠፋብናል፤ እንደገና ማን ያስምር እየተባባልን እንጣላለን።

ሰባተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አባቴ ሳይጠበቅ መጣ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ግራና ቀኝ ደግፈው ከመኪና አወረዱት። የወገቡ ዲስክ ተንሸራቷል አሉን። ከእንግዲህ ዶዘር ላይ መቀመጥ እንደማይችል ሐኪም ነግሮታል፣ ካምፓኒውም አሰናብቶታል። ሰዎቹ ሻይ ጠጥተው፣ የብረት ሳጥኑን አልጋው ሥር አስገብተውለት ሄዱ። በማግስቱ እናቴ ልብሱን ልታጥብ ሳጥኑን ስትከፍት በአሮጌ ሹራብ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አገኘች።

ሹራቡን ስንፈታው ድንጋይ ነበር፤ ግን ድንጋይ የማይመስል ድንጋይ። ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ ከመዳፌ ረዘም ይላል። አንደኛው ጫፉ ሁለት ለስላሳ ጉብታ ሆኖ መሃሉ ገባ ብሏል፤ የጉድጓድ ውሃ ገመድ የሚዞርበትን መዘውር ይመስላል። ሌላኛው ጫፉ ተሰብሯል። አባቴ ከትራሱ ቀና ሳይል፣ “የእግር አጥንት ነው” አለን። እናቴ የምን እግር እንደሆነ ብትጠይቀው እሱን አላወቅሁም አለ። ሙገር ሸለቆ ውስጥ፣ ወደ ወንዙ የሚወርድ መንገድ ሲቆርጡ ከማሽኑ ሰንሰለት አጠገብ ወድቆ አግኝቶት ነው ያነሳው። ከዚያ በላይ አልተናገረም። እናቴ መልሳ ጠቀለለችውና ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።

ክረምቱ በዚህ ሁኔታ ገባ። አባቴ ጠዋት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፣ ማታም እዚያው ነው። እናቴ ጎህ ሲቀድ የምትሸጠውን ቅቤ ተሸክማ ገበያ ትወጣለች፤ ስትመለስ ከንፈሯ ደርቆ፣ ሰላምታ እንኳን ለመመለስ ጉልበት አጥታ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንውላለን። ሊጠይቁት የሚመጡ ሰዎች ሁሉ ስለ ወገቡ ከጠየቁ በኋላ ያንን ድንጋይ ማየት ይፈልጋሉ። አንዱ የዝሆን ነው ይላል፣ ሌላው ከጥፋት ውሃ በፊት የነበሩ ግዙፋን ሰዎች ጣት ነው ይላል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ውሎ አድሮ ወሬው ወደ አባቴ ዞረ። አጥንት ከመቃብሩ አንስቶ ስለመጣ ነው ወገቡ የተቀጨው ተባለ።

ይህን ለእናቴ በግልጽ የነገሯት የጸሎት ቡድኗ መሪ እትዬ አበበች ነበሩ። እትዬ አበበች ክፉ ሴት አልነበሩም። አባቴ ከተኛ ጀምሮ ቆጮና ጎመን ይዘው ሳይመጡ ያለፉበት ሳምንት የለም። ነገር ግን ያልተቀበረ አጥንት ያለበት ቤት ለቅሶ አይለየውም ብለው ያምናሉ፤ እናቴም በእሳቸው ታምናለች።

እኔ ግን በሌላ ነገር ተይዤ ነበር። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የባዮሎጂ አስተማሪያችን መምህር ዘውዱ ሰሌዳው ላይ ዳይኖሰር ስለውልን ነበር። ጅራቱ ሰሌዳውን አልፎ ግድግዳው ላይ ደርሶ ክፍሉ በሙሉ ሲስቅ ትዝ ይለኛል። ድንጋዩን ካየሁ ጀምሮ የዚያ እንስሳ ነው የሚል ሐሳብ ከልቤ አልወጣም። አባቴ ሲተኛ ሳጥኑን ከፍቼ በጣቴ እዳስሰዋለሁ። ከጉብታዎቹ ጎንና ጎን አውራ ጣትና ሌባ ጣቴ ልክ የሚገቡባቸው ሁለት ትንንሽ ጎድጓዶች ነበሩት። ቆንጥጬ ስይዘው የሆነ ትልቅ ፍጡር ጣቱን የሰጠኝ ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ሲከፈት ለመምህር ዘውዱ ነገርኳቸው፤ በፌስታል ይዤላቸው ሄድኩ። ወደ መስኮቱ ወስደው ሲያገላብጡት ቆዩ። በመጨረሻ፣ “ልዋሽሽ አልፈልግም አስቴር፤ አላውቀውም” አሉኝ። ከተማችን ባለው ኮሌጅ ውስጥ የእንስሳት ሐኪሞችን ስለ አጥንት የምታስተምር ሰብለ የምትባል ዶክተር እንዳለች፣ እሷ ልትረዳን እንደምትችል ነገሩኝ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ብለው ጨመሩ፤ ይህችን አባባል በየክፍለ ጊዜው ሳይሏት አይውሉም ነበር። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁኝ፤ ዶክተሯ የመጀመሪያ ጥያቄዋ የት ተገኘ የሚል ስለሚሆን አባቴ ራሱ ቢሄድ ይሻላል።

አባቴ እስከ በሩ እንኳን ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚሄደው። እንዴት ብዬ እንደምነግረው ሳወጣና ሳወርድ ቤት ስደርስ እናቴ ከገበያ ቀድማኝ ተመልሳ ነበር። ሳጥኑ ባዶ መሆኑን አይታለች። ፌስታሉን ከእጄ ተቀብላ ዘንቢሏ ውስጥ አስገባችው፣ ነጠላዋንም ደረበች። ሐይቁ ውስጥ ልትጥለው እንደሆነ ገባኝ። አለቀስኩ። እሷም እያለቀሰች ነበር፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ዘንቢሉን በሁለት እጇ ይዛ።

“ማርታ፣ ተይው” አለ አባቴ ከአልጋው። “ምን እንደሆነ ልወቅ። ካወቅሁ በኋላ ራሴ አወጣዋለሁ።”

“ብታውቀው ወገብህን ይመልስልሃል?”

“አይመልስም።”

እናቴ ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀምጣ ቅቤ የያዘ እጇን ልትታጠብ ወጣች። እኔም እንባዬን ሳልጠርግ መምህር ዘውዱ ያሉትን ነገርኩት።

የሄድነው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ጋሪ ወገቡን ስለሚያንገጫግጭበት በእግራችን ሄድን። አባቴ በአንድ እጁ ምርኩዝ፣ በሌላው ትከሻዬን ይዟል። ከሠርጉ ጀምሮ የነበረችውን ኮት ለብሶ ነበር፤ ሰፍታበታለች። ትንሽ እንሄድና ዛፍ ሥር እንቆማለን፣ ደግሞ እንሄዳለን። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። እኔ ፌስታሉን ደረቴ ላይ አቅፌዋለሁ። ክረምት አልፎ ፀሐይ የወጣበት ሰሞን ስለነበረ ከተማው በሙሉ የእርጥብ ቅጠልና የፈረስ ፋንድያ ሽታ ነበረው።

ዶክተር ሰብለ የጠበቅኳትን አትመስልም። አጭር ናት፤ ጸጉሯን በሻሽ አስራለች፤ የነጭ ጋውኗ ኪስ ተቀዷል። የምታስተምርበት ክፍል በፎርማሊን ሽታ ዓይን ያቃጥላል። አባቴን ስታይ ከወንበሯ ተነሳችና፣ ይቀመጡ አለችው፤ መቀመጥ የበለጠ እንደሚያመው ሲነግራት እሷም ቆመች። ድንጋዩን ከፌስታሉ አውጥታ በውሃ አለቀለቀችው፣ በእጇ መዘነችው። ቀጥላ ያደረገችውን መቼም አልረሳውም። የተሰበረውን ጫፍ ወደ አፏ አስጠግታ በምላሷ ነካችው።

አባቴና እኔ ተያየን። እሷ ሳቅ ብላ ለእኔ አቀበለችኝና እንድሞክረው ነገረችኝ። አቧራ አቧራ አለኝ፤ ከዚያም ምላሴን ያዝ አደረገው። ተራ ድንጋይ እንዲህ አይዝም፣ አጥንት ግን ድንጋይ ከሆነም በኋላ ውስጡ በደቃቅ ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ምላስ ይጎትታል አለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ታወቀ፤ አጥንት ነው።

ከመደርደሪያው አጥንት እያወረደች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። የበሬ ጣት ነበር፣ ከሐይቃችን የሞተ ጉማሬ የተወሰደ ጣት ነበር፣ የሰጎንም ነበር። እኔ እንዳስተያይ ለቀቀችኝ። የበሬው አጭርና አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ጉማሬው ላይ ስደርስ ልቤ ፈራ፤ የጉማሬ ከሆነ ማንም ዓሣ አጥማጅ የሚያውቀው ነገር ነውና። ነገር ግን የጉማሬው ድፍጥፍጥ ያለ ነው፤ በጎኑ እነዚያ ጣቴን የማስገባባቸው ጎድጓዶች በደንብ አይታዩም። ሰጎኑ ጋ ስደርስ እጄ ራሱ አወቀው። መዘውሩ፣ ጎድጓዶቹ፣ ሁሉም አለ። የእኛ ግን ከሰጎኑ እጅግ ይወፍራል።

ዶክተር ሰብለ የተሰበረውን ጫፍ በአጉሊ መነጽር አሳየችኝ። ዙሪያውን እንደ ሲኒ አፍ ቀጭን አጥንት ነው፤ መሃሉ ክፍት የነበረ ሲሆን በኋላ አሸዋ ገብቶ ጠጥሮበታል። ጎድጓዶቹ ጣቶቹን የሚያስተሳስር ጅማት የሚያያዝባቸው እንደሆኑ፣ እንዲህ ክፍት የሆነ የጣት አጥንት ያላቸው ደግሞ በሁለት እግር የሚሄዱ፣ ሥጋ የሚበሉ ዳይኖሰሮች እንደነበሩ አስረዳችን። ከዚያ ሸለቆ አፈር የዳይኖሰሮች ዘመን አጥንት ከዚህ በፊትም መገኘቱን ነገረችን። ግራና ቀኙ ተመሳሳይ ስለሆነ የመሃል ጣት ሳይሆን አይቀርም አለች። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ “ይመስለኛል” ትል ነበር። እኔ “ነው” እንድትል ፈልጌ ነበር።

“የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ግን በዚህ ብቻ አይታወቅም” አለች ወደ አባቴ ዞራ። “ሌላው ግማሹ የለም? አብሮት የነበረ ሌላ አጥንት አላዩም?”

አባቴ በምርኩዙ ጫፍ ወለሉን ጫረ። ከዚያ፣ እስከዚያ ቀን ለእናቴም ለእኔም ያልነገረንን ለዚህች ለማያውቃት ሴት ነገራት። ጠዋት ላይ ነበር አለ። ወይን ጠጅ የመሰለ ጭቃ ውስጥ የጠቆረ ነገር ተሰልፎ አየ። የሰው መቃብር መስሎት ማሽኑን አቁሞ ወረደ። ብዙ ነበሩ፤ አንዳንዱ እንደ ክንድ፣ አንዳንዱ እንደ ሳህን። ፎርማኑ ከላይ ሆኖ ለምን ቆምክ ብሎ ጮኸበት። አጥንት አለ ብሎ ቢነግረው፣ ዝናብ ሳይቀድመን ቀጥል አለው።

“ታዲያ?” አለች በቀስታ።

“የቀረውን ገደል ገፋሁት” አለ አባቴ።

ዶክተር ሰብለ አጥንቱን ወደ ጠረጴዛው መሃል አንቀሳቀሰችው፣ እንደገና መለሰችው። “እርስዎ ባያነሱት ኖሮ ይህም አይኖርም ነበር” አለችው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ መስማማቱ ይሁን አለመስማማቱ አልታወቀኝም።

እንዲህ ያለ ነገር የአገር ንብረት ስለሆነ አዲስ አበባ የሚያጠኑት ሰዎች ዘንድ መድረስ እንዳለበት ነገረችው። የሚወስደው ሰው የሚሄደው በሳምንቱ ስለሆነ እስከዚያ ቤት ልንይዘው እንችላለን አለች። አባቴ የገደሉን ቦታ ምልክት፣ የወንዙን መታጠፊያ፣ በላይ በኩል ያለችውን ትልቅ የሾላ ዛፍ ሳይቀር ነገራት፤ እሷም በወረቀት ላይ ሳለችው።

ስንመለስ እኔ ተናድጄ ነበር። ትከሻዬን ይዞ እየሄደ በልቤ ያ ሁሉ አጥንት ወደ ወንዙ ሲንከባለል ይታየኛል። ዛፍ ሥር ለእረፍት ስንቆም፣ “ለምን አላቆምክም?” አልኩት። በዚያ ዕድሜዬ አባቴን እንዲያ ባለ ድምፅ ተናግሬው አላውቅም።

“አቁሜ ነበር” አለ። “ከዚያ ቀጥል አሉኝ።”

“እና?”

“ቀጠልኩ።”

ቤት እስክንደርስ አልተነጋገርንም። ለእናቴ ምን እንደተባለ የነገርኳት እኔ ነበርኩ። እሷ የመቃብር አጥንት አለመሆኑን ስትሰማ በረዥሙ ተነፈሰች። ሰው ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ነው የሚለውን ግን ለእትዬ አበበች እንዳልነግር አስጠነቀቀችኝ፤ ክርክር የምችልበት አቅም የለኝም አለች። የሚላክበት ቀን ሲደርስ ሹራቡ ቆሽሿል ብላ የቅቤ ቅል የምትሸፍንበትን አዲስ ጨርቅ አውጥታ ራሷ ጠቀለለችው። “እንደ ቆሻሻ እንዳያዩት” አለች።

ከዚያ በኋላ የሐይቁ ዳር ወፎችን ማባረር ተውኩ። ዓሣ ገበያው ጋ ቆሜ የአባ ኮዳዎቹን እግር አያለሁ፤ ጣታቸውን እንዴት እንደሚያጥፉ፣ የመሃለኛዋ እንዴት እንደምትቀድም። ጓደኞቼ “ዳይኖሰር” እያሉ ሲጠሩኝ ከረሙ። ጠላሁት ብዬ እቆጣለሁ እንጂ ደስ ይለኝ ነበር።

ዶክተር ሰብለ ዓመት ሊሞላው ሲል ቤታችን መጣች። አባቴ ትንሽ ተሽሎት ቁጭ ማለት ጀምሮ ነበር። የአዲስ አበባዎቹ ሰዎች እሷ ያለችው ትክክል ነው ብለዋል፤ የሥጋ በል ዳይኖሰር የእግር ጣት ነው፣ ዓይነቱን ግን መለየት አልቻሉም። አባቴ የጠቆመውን ቦታም ሄደው አይተውታል። ገደሉ በዝናብ ተንዷል፣ ጭቃውንም ወንዙ ወስዶታል፤ ምንም አላገኙም። ይህን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። አባቴ ሰምቶ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

“ልጅ ነበር ወይስ ያደገ?”

እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠበቀች አልመሰለኝም። አሰብ አድርጋ፣ “ያደገ ነው ይላሉ” አለችው።

“እንግዲያው ዕድሜውን ኖሮ ነው የሞተው” አለ አባቴ፤ ትከሻው ዝቅ ሲል አየሁት። ልጅ ስለነበርኩ ለሞተ እንስሳ ይህን ያህል ማዘኑ ገረመኝ። ከዚያ በኋላ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል በጥበቃነት ተቀጠረ፤ አርጅቶ እስኪያቆም እዚያው ወንበር ላይ ቆየ።

ዛሬ እኔ አባቴ ያኔ የነበረበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ። ሐይቁን እያየሁ ያደግኩባት ከተማ ውስጥ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የአንድ መስመር ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ በማሽን ድምፅ መካከል ቆሜ እውላለሁ። ልጄ የማታውቀው ወፍ ወይም ቅጠል ስታገኝ ስልኳን ትደቅናለች፤ ስሙ ወዲያው ይመጣላታል፣ ወዲያውም ትረሳዋለች። ለእኛ የአንዲት ጣት ስም ክረምትና በጋ ፈጅቶ በግማሹ ብቻ ነው የመጣልን። የትኛው እንደሚሻል ለመከራከር ጉልበት የለኝም። በልጅነቴ ያስቆጣኝ የአባቴ መልስ፣ “ቀጠልኩ” ማለቱ፣ ግን ዛሬ አያስቆጣኝም። ከላይ የቆመ ሰው ቀጥሉ ሲል፣ ከታች ያለ ሰው ቤቱን አስቦ እጁ ራሱ እንዴት እንደሚቀጥል በየቀኑ አያለሁ። አባቴ ማሽኑን አቁሞ ወርዶ ነበር። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የሚገርመኝ ያ መውረዱ ነው።

በዚያ ዘመን ደክሞኛል የሚል አባት አናውቅም ነበር። አባቶቻችን ይተኛሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ወይም ይቆጣሉ እንጂ ቃሉን አያወጡትም፤ እናቶቻችንም እንደዚያው። ባለፈው እሑድ አባቴን ልጠይቀው ሄድኩ። ከእናቴ ሞት በኋላ ብቻውን ነው፤ ከአልጋው ብዙም አይወርድም። አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ልጄ ጥቂት አወራን። ፊቴን ሲያየኝ ቆየና፣ “ደክሞሻል አይደል?” አለኝ።

“በጣም” አልኩት።

“እኔም” አለ። ከዚያ ወገቡን እየያዘ ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አለና ቦታ ለቀቀልኝ።